በየሳምንቱ የሚደገመው ቀጠሮ ለምን ይዛነፋል?

አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ቀጠሮ ካላንደር ላይ ሲመዘገብ ብዙ ችግር የለውም። ስልክ ላይ ያስገቡት ኮምፒውተር ላይ ይገኛል፣ ለሌላ ሰው የላኩት ግብዣም ይደርሳል። ጣጣው የሚጀምረው ቀጠሮው ሲደገም ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚደረግ የሥራ ስብሰባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች የአማርኛ ትምህርት በዙም፣ በወር አንዴ የሚገናኝ ማኅበር። ለወራት ደህና ሲሄድ ይቆይና አንድ ቀን ግማሹ ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ጭራሽ አይመጣም። ከዚያ "ካላንደሬ የሚለው እንዲህ ነው"፣ "የኔ ደግሞ እንዲህ ነው የሚለው" ይባባላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ዱሮ ይሄ የትልልቅ ኩባንያ ጸሐፊዎች ራስ ምታት ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ ድርጅት የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ተበትኖ በሳምንት አንዴ የሚገናኝ ቤተሰብም ያውቀዋል። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ለብዙዎቻችን ይጠቅማል።

ብዙ ሰው ሲንክ (ካላንደሮችን ማመሳሰል) ማለት ቀጠሮዎችን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው አንድ በአንድ መገልበጥ ይመስለዋል። ለተደጋጋሚ ቀጠሮ ግን እንደዚያ አይደለም። "ማክሰኞ ማክሰኞ" ብለው ያለ ማብቂያ ሲመዘግቡ የሚላከው ማለቂያ የሌለው የቀጠሮ ዝርዝር አይደለም። የሚላከው አንድ ደንብ ነው። ስልኩም፣ ኮምፒውተሩም፣ የተጋባዡ ካላንደርም ደንቡን ተቀብለው ቀኖቹን ለየራሳቸው ያሰላሉ። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው። ዕቁቡ የሚጣልባቸውን ቀኖች ዝርዝር ይዞ የሚዞር ሰው የለም፤ ሁሉም "እሁድ እሁድ" የሚለውን ያውቃል። አንዱ እሁድ ወደ ቅዳሜ የዞረ እንደሆነ ግን ያልሰማው ሰው እሁድ መጥቶ በር ያንኳኳል።

የደንቡ አጻጻፍ የጋራ ነው። አይካሌንደር የሚባለው ስታንዳርድ በ1998 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በ2009 ደግሞ ታድሶ አርኤፍሲ 5545 ተባለ (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ሰነድ ነው)። ጉግል ካላንደር፣ የአፕል ካላንደርና አውትሉክ ግብዣ ሲላላኩ የሚግባቡት በእሱ ነው። አንድ ተደጋጋሚ ቀጠሮ በዚህ አጻጻፍ ውስጥ የመጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን ከነታይም ዞኑ፣ ማለትም የየትኛው ቦታ ሰዓት እንደሆነ፣ ይይዛል። ቀጥሎ የድግግሞሹ ደንብ ይመጣል። የተሰረዙ ቀኖች ለብቻ ይጻፋሉ። ሰዓታቸው ወይም ቦታቸው የተቀየረ ቀኖችም ለብቻ ይጻፋሉ። ሁሉንም የሚያስተሳስር አንድ መለያ አለ። ብልሽት ሲመጣ ከእነዚህ አንዱ ሳይደርስ ቀርቷል፣ ወይም ሁለት ፕሮግራሞች አንዱን ክፍል ለየቅል አንብበውታል። ደግነቱ፣ የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ ከምልክቱ ይታወቃል።

ቀጠሮው ልክ አንድ ሰዓት ከተዛነፈ መጀመሪያ ታይም ዞኑን ይጠርጥሩ።

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛው እሁድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ይመለሳል። ስለዚህ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት በበጋቸው 7 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 8። እንበልና ዋሽንግተን ያለች የቡድን መሪ በሐምሌ ወር ስብሰባ ጠራች። በእሷ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፣ ስልኳ ላይ 10:00 ይላል። አዲስ አበባ ላለው ባልደረባዋ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል። ኖቬምበር ሲገባ የእሷ ካላንደር አሁንም 10:00 ይላል። የእሱ ግን ወደ ምሽት 12 ሰዓት ይሸሻል። ማንም ምንም አልነካም፣ የተበላሸ ነገርም የለም። ቀጠሮው የተመዘገበው በዋሽንግተን ሰዓት ስለሆነ የረጋው የዋሽንግተን ሰዓት ነው። ጠሪው አዲስ አበባ ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ 11 ሰዓቱ ረግቶ በኖቬምበር የምትንቀሳቀሰው እሷ ነበረች።

ሦስተኛ አገር ሲጨመር ይባስ ይወሳሰባል። አውሮፓ ሰዓት የሚቀይረው በማርች የመጨረሻ እሁድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው። በ2026 አሜሪካ ማርች 8 ቀየረች ሲባል፣ ለንደንና ፍራንክፈርት ማርች 29ን ይጠብቃሉ። በመካከል ባሉት ሦስት ሳምንታት የዋሽንግተንና የለንደን ልዩነት ከ5 ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል። በመጸው ደግሞ አውሮፓ ኦክቶበር 25፣ አሜሪካ ኖቬምበር 1 ነው፤ አንድ ሳምንት የተዛባ ጊዜ አለ። እስራኤል ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ትሆናለች፣ በቀረው ጊዜ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናቸው። ዱባይ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። "ካላንደሩ አበደ" የሚባለው ብዙ ጊዜ በእነዚህ የማርችና የኦክቶበር ሳምንታት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ሊመልሰው የማይችል ጥያቄ አለ። የማን ሰዓት ይርጋ? ተከታታይ ቀጠሮ የሚረጋው በአንድ ቦታ ሰዓት ብቻ ነው፣ የቀረው ሰው ይንቀሳቀሳል። እኔ ብጠየቅ፣ መርጋት ያለበት መላወሻ የሌለው ወገን ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያለው ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ታክሲ የሚቸገር ከሆነ ቀጠሮው በአዲስ አበባ ታይም ዞን ይመዝገብ፣ ጠሪው ሜሪላንድ ቢኖርም። ጉግል ካላንደር ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ታይም ዞን የሚል አለ፤ እሱን ተጭኖ ከተማውን መምረጥ ነው። አውትሉክም ተመሳሳይ ምርጫ አለው። ይህን ሳይወስኑ መጥራት ማለት ውሳኔውን ጠሪው በአጋጣሚ ለሚኖርበት ከተማ መተው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ አገር ቤት ያለው ሰው ነው።

ታይም ዞን ሲመርጡ ከተማ ይምረጡ። አንዳንድ ፕሮግራም "ጂኤምቲ ሲቀነስ 5" የሚል ምርጫም ያቀርባል። እሱ ዓመቱን ሙሉ አይንቀሳቀስም። ኒውዮርክን የመረጠ ግን ኒውዮርክ ሰዓት ስትቀይር አብሮ ይቀይራል።

ፕሮግራሙ የከተማውን ሰዓት የሚያውቀው ከተዘጋጀ የታይም ዞን መዝገብ ነው። አንድ መንግሥት ሕጉን ሲለውጥ መዝገቡ ይታደሳል፣ ስልኩም አፕዴት መቀበል አለበት። አሜሪካ የሰዓት መቀየሪያ ቀኖቿን በ2007 ስትለውጥ አውትሉክ ላይ የነበሩ ተደጋጋሚ ስብሰባዎች በአንድ ሰዓት ተዛንፈው ማይክሮሶፍት የማስተካከያ ፕሮግራም ለብቻው ማውጣት ነበረበት። ግብፅ በ2023 ሰዓት መቀየርን ከዓመታት በኋላ መልሳ ጀመረች። በዚያው ዓመት በማርች መጨረሻ የሊባኖስ መንግሥት የሰዓት ለውጡን በመጨረሻ ሰዓት ላይ ለሌላ ጊዜ አስተላለፈ። አብያተ ክርስቲያናትና አንዳንድ መገናኛ ብዙኃን አንቀበልም ብለው በቀድሞው ቀን ቀየሩ። ቤይሩት ለጥቂት ቀናት ሁለት ሰዓት ይዛ ዋለች፣ ከዚያ መንግሥት ውሳኔውን አጠፈ። እዚያ ያሉ ብዙ እህቶቻችን በነዚያ ቀኖች ስልካቸውን ማመን የቻሉ አይመስለኝም። ለዓመታት አፕዴት ያልተደረገ ስልክ ከሌላው ጋር ካልተስማማ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄው መዝገብ ነው። ነገሩም ገና አልተዘጋም። የአውሮፓ ፓርላማ በ2019፣ የአሜሪካ ሴኔት በ2022 ሰዓት መቀየር እንዲቀር ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ሁለቱም ጋ ሕግ ሆኖ አልጸደቀም። አንድ ቀን ከጸደቀ የተመዘገቡ ተደጋጋሚ ቀጠሮዎች ሁሉ እንደገና መታየት አለባቸው።

የኛ የሰዓት አቆጣጠር የሚያመጣው ስህተትም አለ። "ሦስት ሰዓት እንገናኝ" ተብሎ 3:00 ተብሎ ይገባል። አንድ ጊዜ ቢሆን በስልክ ይስተካከላል፤ ተደጋጋሚ ከሆነ ግን በየሳምንቱ ይደገማል። ከዚህ የባሰው ሌሊቱ ነው። ዋሽንግተን ማክሰኞ ማታ የተያዘ ቀጠሮ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊውል ይችላል። ለኛ ያ ገና የማክሰኞ ሌሊት ነው። ለካላንደሩ ግን ረቡዕ ነው። ስለዚህ "ማክሰኞ ሌሊት" ብለው ማክሰኞ ላይ ያስገቡት ሰው አንድ ሙሉ ቀን ቀድመዋል። የቀጠሮው ርዕስ ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ ማስቀመጥ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

አሁን ወደ ተሰረዙና ወደ ተቀየሩ ቀኖች እንምጣ። እኔ እንደማየው ከታይም ዞን ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያለቅስበት እዚህ ጋ ነው።

የማክሰኞ 11 ሰዓት ስብሰባ አለ እንበል። አንዱ ማክሰኞ በዓል ዋለና ወደ ረቡዕ ተዛወረ። ካላንደሩ የሚመዘግበው "ረቡዕ ስብሰባ አለ" ብሎ አይደለም። "የዚያ ማክሰኞ የ11 ሰዓቱ፣ አሁን ረቡዕ ነው" ብሎ ነው። የተቀየረው ቀን የሚታወቀው በድሮ ሰዓቱ ነው ማለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ጠሪው ተከታታዩን በሙሉ ወደ 10 ሰዓት አዞረው። አሁን "የማክሰኞ የ11 ሰዓቱ" የሚባል ቀጠሮ የለም። የተዛወረው ረቡዕ ታዲያ የማን ነው? አንዱ ፕሮግራም ለውጡን ሰርዞ ቀጠሮውን ወደ ማክሰኞ ይመልሰዋል። ሌላው ረቡዕንም ማክሰኞንም ያሳያል። አውትሉክ የተከታታዩ ደንብ ሲቀየር ለብቻ የተለወጡ ቀኖች እንደሚጠፉ ያስጠነቅቃል፣ ግን ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ እሺ የሚል ብዙ ነው። ሰው የሌለበት ስብሰባ፣ "ተሰርዟል" ተብሎ ተመልሶ የሚመጣ ቀጠሮ፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ይሄ ነው።

ቀጠሮው ከአንድ ቀን ወዲህ ጥርግ ብሎ ከጠፋ ግን ሌላ ነገር ነው። ካላንደር ላይ አንዱን ቀን ስናስተካክል "ይህን ብቻ"፣ "ይህንና ቀጣዮቹን" ወይም "ሁሉንም" ብሎ ይጠይቃል። ጉግል ካላንደር ላይ ሁለተኛውን ሲመርጡ ተከታታዩ ለሁለት ይቆረጣል። የድሮው ማብቂያ ቀን ይሰጠዋል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ተከታታይ ይፈጠራል። እርስዎ ስክሪን ላይ አንድ ይመስላል፣ ለሌላው ሰው ካላንደር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ማብቂያ ደርሶት አዲሱ ግብዣ ካልደረሰው፣ ወይም ስፓም ውስጥ ከገባበት፣ ቀጠሮው ጠፋበት ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠሪው አዲሱን ተከታታይ ከፍቶ ግብዣውን እንደገና ይላክ።

ማይክሮሶፍትም የሚመክረው አንድ ነገር አለ፦ ተደጋጋሚ ስብሰባ ማብቂያ ይኑረው። ለስድስት ወር ይጥሩ፣ ሲያልቅ አዲስ ይክፈቱ። ለዓመታት የተጎተተ፣ አሥሬ የተዛወረና ሰው የገባበት የወጣበት ተከታታይ ሊጠገን አይችልም ማለት ይቀላል። እንደዚያ ዓይነቱን ከዛሬ ጀምሮ አብቅቶ አዲስ መጥራት ይሻላል። ድሮ የተደረጉት ግን እንዳሉ ይቆዩ፤ ሁሉንም መሰረዝ ታሪኩንም ያጠፋዋል።

ጭራሽ ምንም የማይደርስ ከሆነ ደንቡን ከመጠርጠር በፊት መንገዱን መፈተሽ ነው። ለነገ አንድ የማይደገም የሙከራ ቀጠሮ ያስገቡ። ሌላኛው ስልክ ላይ ከታየ መንገዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ተደጋጋሚው ውስጥ ነው። ካልታየ ደግሞ ደንቡን ሲጎረጉሩ መዋል ትርፉ ድካም ነው። ቀጠሮው የተቀመጠበትን አካውንት ይዩ። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ "ስልኬ" ተብሎ የሚቀመጥ ካላንደር አለ። እዚያ ውስጥ የገባ ነገር ከስልኩ አይወጣም፣ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። አይፎን ላይ ደግሞ ካላንደር ሴቲንግ ውስጥ ሲንክ የሚል አለ፤ ምን ያህል ወደኋላ እንደሚያመጣ የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ወር ላይ ከሆነ ከዚያ በፊት ያለው አይታይም፤ ጠፍቶ ግን አይደለም። ማመን ያለብን ካላንደሩ በብራውዘር ሲከፈት የሚታየውን ነው። እዚያ ላይ ትክክል ከሆነ ችግሩ ስልኩ ጋ ነው፣ እዚያም ከተሳሳተ ስልኩን መነካካት ጥቅም የለውም።

በፋይል ማስገባትና በሊንክ መከታተልም የተለያዩ ናቸው። የአይሲኤስ ፋይል (ቀጠሮ የሚላክበት የካላንደር ፋይል) ዳውንሎድ አድርጎ ካላንደር ውስጥ መክተት የዚያን ቀን ቅጂ ነው፤ ላኪው ነገ ቢያስተካክለው እርስዎ ጋ አይደርስም። በሊንክ የተጨመረ ካላንደር ግን ይታደሳል፣ ቶሎ ባይሆንም። ጉግል ላይ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ዛሬ ጠዋት የተቀየረ የዛሬ ከሰዓት ቀጠሮ በዚህ መንገድ አይደርስም ማለት ነው፣ መደወል ያስፈልጋል። አንዱን በፋይልም በሊንክም ያስገባ ሰው ደግሞ ቀጠሮው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየዋል። አንዱን ሲያጠፉ የትኛው የራስዎ ቅጂ እንደሆነ በደንብ ይለዩ። እርስዎ የጠሩትን ተከታታይ ከሰረዙ ለተጋባዦቹ ሁሉ "ስብሰባው ቀርቷል" የሚል መልእክት ሊሄድ ይችላል።

በየወሩ 31ኛው ቀን ላይ የተያዘ ቀጠሮም ግራ ያጋባል። በስታንዳርዱ መሠረት 31 የሌለው ወር ይዘለላል። የወር መጨረሻ ክፍያ ለማስታወስ ያስገቡ ሰዎች በዓመት ሰባት ጊዜ ብቻ ይደርሳቸዋል። "የወሩ የመጨረሻ ቀን" የሚል ምርጫ ካለ እሱን ይጠቀሙ።

ከሁሉም በላይ እኛን የሚነካው የራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው። በየወሩ በ12 የሚጠጣ የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ አለ እንበል። በአብዛኛው ዓመት በፈረንጅ መስከረም 12 ሴፕቴምበር 22 ነው። ጥቅምት 12 ኦክቶበር 22 ነው። እስካሁን "በየወሩ በ22" የሚለው ደንብ የሚሠራ ይመስላል። ኅዳር 12 ግን ኖቬምበር 21 ነው። ጥር 12 ጃንዋሪ 20፣ የካቲት 12 ፌብሩዋሪ 19። እያለ እያለ ነሐሴ 12 ኦገስት 18 ላይ ይውላል። በየወሩ በ22 ብሎ ያስገባ ሰው በኅዳር ማኅበሩ በተበተነ ማግስት ነው የሚደርሰው።

የኛ ወሮች ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን መሆናቸው ግን ይረዳናል። መስከረም ላይ አንድ ቀጠሮ ይክፈቱ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ያድርጉት። ድግግሞሹን "በየ30 ቀኑ" ይበሉት፣ "ከ12 ጊዜ በኋላ ያብቃ" ይበሉት። ለምሳሌ ከሴፕቴምበር 22፣ 2026 ቢጀመር ከመስከረም 12 እስከ ነሐሴ 12፣ 2019 ዓ.ም. ድረስ አንድም ቀን አይዛነፍም። ማብቂያ የሚያስፈልገው በጳጉሜን ምክንያት ነው። ሳይቆም ቢቀጥል የጳጉሜንንም ቀኖች ቆጥሮ ቀኑን ያበላሸዋል። በ2019 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ቀጣዩ መስከረም 12 ሴፕቴምበር 23፣ 2027 ላይ ይውላልና ያን ጊዜ አዲስ ይከፈታል። ሰዓት ያለው ቀጠሮ አለማድረጉም ጥቅም አለው። ቀኑን ሙሉ የሆነ ቀጠሮ በታይም ዞን ስለማይታሰር ሲያትልም ሆነ ሮም ያለ ሰው በዚያው ዕለት ያየዋል።

ይህ ዘዴ ነው እንጂ እውነተኛው መፍትሔ አይደለም። መፍትሔው ተጽፎ ተቀምጧል። በ2015 የወጣው አርኤፍሲ 7529 ደንቡ ከግሪጎሪያን ውጪ ባለ አቆጣጠር እንዲጻፍ ይፈቅዳል። ከምሳሌዎቹ አንዱ የኛው 13ኛ ወር ነው። "በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየወሩ በ12" ብሎ መላክ ይቻላል ማለት ነው። ግን ላኪውም ተቀባዩም ፕሮግራም ይህን ማንበብ አለባቸው፤ በብዛት የምንጠቀምባቸው ካላንደሮች ላይ የድግግሞሽ ምርጫው አሁንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ ይቆጥራል። የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ የሚሠሩ ልጆቻችን ቀን ከመለወጥ አልፈው ይህን ቢደግፉ ትልቅ ሥራ ነው።

ያም ሆኖ አንዳንዱ በዓል ለየትኛውም ደንብ አይመችም። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ስለዚህ በአብዛኛው ጃንዋሪ 19፣ በዘመነ ዮሐንስ ጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በ2024 እንደዋለው። ገና ግን በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ጃንዋሪ 7ን አይለቅም። ለገና "በየዓመቱ ጃንዋሪ 7" የሚለው የፈረንጅ ደንብ ከኛው "ታኅሣሥ 29" ይልቅ ትክክል ነው። ፋሲካ በ2026 ኤፕሪል 12፣ በ2027 ሜይ 2 ነው፤ እሱን ከነጾሙ በየዓመቱ ከባሕረ ሐሳቡ አይቶ በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል።